ባሩድ የታጠቀ ሠራዊት ጭራቅ ቢገጥመው

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «በ1700ዎቹ የነበረ 10,000 ወታደር ያለው የአውሮፓ ጦር፣ ጠመንጃና መድፉን ይዞ ከተረት ጭራቆች ጋር ቢገጥም ማን ያሸንፋል? ግዙፍ ሰው በላ፣ እሳት የሚተፋ ድራጎን፣ የሙታን ሠራዊት፣ ሰው-ተኩላ፣ ሁሉንም አስብልኝ። አንተስ ከታሪክ የትኛውን ጦር ይዘህ ትገባ ነበር?»

ጥያቄውን ከምር ነው የወሰድኩት። የጦር ታሪክ ስናነብ ሁሌም ሰው ከሰው ጋር ሲዋጋ ነው የምናየው። ስለዚህ ጠመንጃው የሠራውንና ፍርሃት የሠራውን መለየት ይቸግረናል። የማይፈራ ጠላት ወይም ከሰው የሚፈጥን ጠላት ስናስገባ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ያኔ የዚያ ዘመን ጦር ጉልበቱ የት እንደነበር ቁልጭ ብሎ ይታያል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጭሩ መልሴ፦ ጭራቁ የሚደማ፣ የሚፈራ፣ በቀን ሜዳ ላይ የሚወጣ ከሆነ ጦሩ ያሸንፋል። ያውም ብዙ ሳይቸገር። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ነገሩ ይከብዳል።

አብዛኛው ሰው የሚከራከረው «ጥይቱ ቆዳውን ይበሳዋል ወይስ አይበሳውም?» በሚለው ላይ ነው። ለእኔ ከዚያ የሚቀድመው የሰከንድ ጉዳይ ነው። ወታደሩ ጠመንጃውን እንዴት እንደሚያጎርስ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከጎኑ ካለው የቆዳ ኮሮጆ በወረቀት የተጠቀለለ ባሩድና ጥይት ያወጣል። ወረቀቱን በጥርሱ ይቀደዋል። ከባሩዱ ትንሽ ቆንጥሮ ከቃታው በላይ ባለችው ጎድጓዳ ብረት ላይ ያደርግና ይከድናታል። ጠመንጃውን ያቆማል። የቀረውን ባሩድ በአፈ ሙዙ ያፈሳል፣ ጥይቱን ከነወረቀቱ ይከታል፣ በዘንግ ጠቅጥቆ ወደ ታች ይሰደዋል። ዘንጉን ወደ ቦታው ይመልሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው አንስቶ የሚተኩሰው። በደንብ የሠለጠነ ወታደር ይህን በደቂቃ ሁለት፣ ግፋ ቢል ሦስት ጊዜ ይሠራዋል። ከንፈሩ በባሩድ ጠቁሮ፣ ጉሮሮው ደርቆ፣ ከፊቱ ጭስ እንጂ ሌላ ሳይታየው።

በሁለት ተኩስ መካከል ቢያንስ 20 ሰከንድ አለ ማለት ነው። ድብ ሲቆጣ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። 100 ሜትር ለማቋረጥ ሰባት ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። እንደ ድብ የሚሮጥ ጭራቅ ከመጣ ጦሩ ያለው ዕድል አንድ ተኩስ ነው። ሁለተኛ የለም።

ታዲያ ያ አንድ ተኩስ ምን ያህል ይመታል? ፕሩሲያውያን ይህን ለማወቅ 30 ሜትር ርዝመትና ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ቁመት ያለው ሸራ ዘርግተው ተኩሰውበት ነበር። ከ70 ሜትር ገደማ ከጥይቱ 60 በመቶው ሸራውን አገኘ። ርቀቱ ወደ 140 ሜትር ሲሆን 40 በመቶ፣ ወደ 200 ሜትር ሲሆን 25 በመቶ። ይህ እንግዲህ መልሶ የማይተኩስ፣ የማያገሳ ሸራ ላይ ነው። በእውነተኛ ውጊያ ቁጥሩ በጣም ይወርዳል። ወታደር ሲደናገጥ ደግሞ ከፍ አድርጎ ነው የሚተኩሰው፤ መኮንኖች «ዝቅ አድርጋችሁ ምቱ» እያሉ የሚጮኹት ለዚህ ነበር።

እዚህ ላይ ለሰው ልጅ የሚያደላ አንድ ነገር አለ። አምስት ሜትር የሚረዝም ጭራቅ ላይ ከፍ ብሎ የሄደ ጥይት አይባክንም። ጉልበት የሳተ ደረት ያገኛል።

የአንድ ተኩስን አደጋ ለማየት ጭራቅ መፍጠር አያስፈልግም። በ1689 ስኮትላንድ ውስጥ ኪሊክራንኪ በሚባል ቦታ የመንግሥት ጦር ከደጋ ሰዎች ጋር ገጠመ። የመንግሥቱ ወታደሮች ሳንጃቸው አፈ ሙዙ ውስጥ የሚሰካ ዓይነት ነበር። ሳንጃ ሲሰኩ መተኮስ አይችሉም፤ ሲተኩሱ ሳንጃ የላቸውም። ደጋዎቹ ጎራዴያቸውን መዘው ከተራራው ቁልቁል ሮጡ። ወታደሮቹ ተኮሱ፣ ብዙ ሰውም ጣሉ። ነገር ግን ሳንጃ ለመሰካት ሲታገሉ ጎራዴው ደረሰ። መስመሩ በደቂቃዎች ውስጥ ፈረሰ፣ የተረፈውም እግሬ አውጪኝ አለ። ከዚያ በኋላ ነው በቱቦ ከአፈ ሙዙ ውጭ የሚገጠመው ሳንጃ በየጦሩ የተስፋፋው። ጠያቂያችን 1700ዎቹን መምረጡ ትልቅ ነገር ነው። ሃምሳ ዓመት ቀደም ቢል መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ግዙፉ ሰው በላ ልምጣ። ለእሱ የሚቀርብ እውነተኛ ፍጥረት ዝሆን ነው። ባሩድ ከዝሆን ጋር ምን እንዳደረገ ደግሞ በጽሑፍ አለ። በ1526 ባቡር የሚባል ከመካከለኛው እስያ የመጣ ንጉሥ ሕንድ ውስጥ ፓኒፓት ላይ ከዴልሂው ሱልጣን ከኢብራሂም ሎዲ ጋር ሲገጥም 12,000 ገደማ ሰው ነበረው። ጠላቱን 100,000 ሰውና 1,000 ዝሆን ብሎ ገምቶታል። ግምቱ የተጋነነ ሊሆን ይችላል፤ ዝሆኖቹ ግን በብዛት ነበሩ። ባቡር 700 ያህል ጋሪ ሰበሰበና በጥሬ ቆዳ ገመድ አንዱን ከሌላው አሰረ። በጋሪዎቹ መካከል መከለያ አቆመ፤ ከመከለያው ጀርባ ነፍጠኛና መድፈኛ አሰለፈ። አልፎ አልፎ ፈረሰኛ የሚወጣበት በር ተወ። ፈረሰኞቹም በጎንና በኋላ ዞረው በቀስት አጣደፉ። እኩለ ቀን ሳይዘልቅ ሎዲ ሞቶ ጦሩ ተበተነ።

ዝሆኖቹ ሁሉ በጥይት አልሞቱም። ድምፁ፣ ጭሱና ቁስሉ አንድ ላይ ሆነውባቸው ዞረው የገዛ ወገናቸውን ረገጡ። ይህ የትልቅ እንስሳ የቆየ ጠባይ ነው። ሮማዊው የጦር መሪ ሲፒዮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ202 ዛማ ላይ ባሩድ ሳይኖረው በመለከት ጩኸት አስደንግጧቸዋል። በሰልፉ መካከልም መንገድ ትቶላቸው ሰተት ብለው አለፉ። ስለዚህ ጭራቁን ትልቅ ስለሆነ ብቻ ልንፈራው አይገባም። ትልቅና የሚደነግጥ ከሆነ አደጋው ለራሱ ወገን ነው።

ቆዳውስ? የእግረኛው ጥይት 30 ግራም ገደማ የሚመዝን የእርሳስ ድቡልቡል ነው። ከአፈ ሙዝ ሲወጣ በሰከንድ ወደ 450 ሜትር ይጓዛል። ነገር ግን ቅርጹ ክብ ስለሆነ አየሩ ቶሎ ያዳክመዋል። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ ጠንካራ አጥንት ሲያገኝ ይጠፈጠፋል። የ1800ዎቹ የዝሆን አዳኞች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ለዚህ ነው ከ100 ግራም በላይ የሚመዝን ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ የያዙት። እርሳሱንም ቆርቆሮ ወይም አንቲሞኒ ቀላቅለው ያጠነክሩት ነበር። የዝሆን ግንባር በፊት ለፊት ወፍራም፣ ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት አጥንት ነው። ተራ የእግረኛ ጥይት ቢያቆስለው እንጂ ባለበት አያስቀረውም።

እግሩ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድ ጭራቅ ከሰው ሦስት እጥፍ ቢረዝም ክብደቱ ሦስት እጥፍ አይደለም፤ 27 እጥፍ ነው። 70 ኪሎ የነበረው ወደ ሁለት ቶን ይጠጋል። ያንን የሚሸከመው የአጥንት ስፋት የሚያድገው ግን ዘጠኝ እጥፍ ብቻ ነው። እያንዳንዱ አጥንት ከእኛ ሦስት እጥፍ ይጨነቃል። በሁለት እግሩ የሚሮጥ ሁለት ቶን ጭራቅ ቁርጭምጭሚቱ ወይም ጉልበቱ ከተሰበረ አለቀለት። እኔ መኮንን ብሆን «ደረቱን» አልልም። «እግሩን!» ነው የምለው።

ችግሩ የወደቀው ጭራቅ የት ይወድቃል የሚለው ነው። ስለዚህ ነገር አንድ ውጊያ ሁሌ ትዝ ይለኛል። እግረኛ ፈረሰኛን ሲፈራ በአራት ማዕዘን ይሰለፍ ነበር። በአራቱም በኩል ሳንጃ ወደ ውጭ ይቀሰራል። ፈረስ ደግሞ ሳንጃ ላይ አይዘልም፤ ቢገርፉት፣ ቢረግጡት ወይ ፍንክች። ዋተርሎ ላይ በ1815 የፈረንሳይ ፈረሰኛ ደጋግሞ ቢመጣም የእንግሊዝና የአጋሮቹ ማዕዘኖች ያልፈረሱት በዚህ ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ግን በ1812 ስፔን ውስጥ ጋርሲያ ኤርናንዴዝ ላይ አንድ የፈረንሳይ ማዕዘን ፈርሷል። ያፈረሰው የሞተ ፈረስ ነበር። የጀርመን ፈረሰኞች እየጋለቡ ሲቀርቡ አንዱ ፈረስ ተመታ። በፍጥነቱ ተንሸራቶ ሰልፉ ላይ ወደቀ፣ ሰዎቹን ደርምሶ ቀዳዳ ከፈተ። ከኋላ የነበሩት በዚያ ቀዳዳ ገቡ። ማዕዘኑ አለቀ፣ ብዙው ተማረከ።

አንድ ፈረስ ግማሽ ቶን ነው። ሁለት ቶን ጭራቅ ከ20 ሜትር ተመትቶ ቢወድቅ ሬሳው ራሱ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ግዙፍ ጭራቅ ሩቅ ሳለ ነው መጣል ያለበት። ለዚያ ደግሞ መድፍ ያስፈልጋል። ባለ 12 ፓውንድ የሚባለው የሜዳ መድፍ ከ5 እስከ 6 ኪሎ የሚመዝን የብረት ኳስ ይወረውራል። ይህን የሚችል ሥጋና አጥንት የለም። ጭራቁ 300 ሜትር ውስጥ ሲገባ ደግሞ በርካታ ትናንሽ ጥይቶች የታጨቁበት ቆርቆሮ ይተኮሳል፤ ከአፈ ሙዙ እንደወጣ ይበተናል። ጠያቂያችን ጦሩን በሰው ቁጥር ነግሮኛል። እኔ ከሰዉ ቁጥር ይልቅ «ስንት መድፍ አለው?» ብዬ ነው የምጠይቀው።

ድራጎን ከግዙፉ ሰው በላ ይልቅ ይከብደኛል። ቆዳው ሳይሆን ከፍታው ነው። የዚያ ዘመን መድፍ የተሠራው ወደ ፊት ለመተኮስ ነው፤ አፉ ወደ ሰማይ አይነሳም። በ1794 ፍሌሩስ ላይ ፈረንሳዮች በገመድ የታሰረ ባሉን ሰቅለው ቀኑን ሙሉ የኦስትሪያን ጦር ሲሰልሉ ዋሉ። ኦስትሪያውያን ተኮሱበት፤ አላወረዱትም። ባሉኑ ትልቅ ነው፣ ባለበት ነው የሚቆመው፣ ገመድም አለው። የሚበርና የሚታጠፍ ነገርማ እንዴት ይሆናል? በ1870 ፓሪስ ስትከበብ ነው ክሩፕ ባሉን ለመምታት ብሎ ወደ ላይ የሚነሳ መድፍ በጋሪ ላይ የሠራው። ከጠያቂያችን ዘመን ብዙ ይርቃል።

የድራጎን ትልቁ መሣሪያ ደግሞ ሰዎቹን ማቃጠሉ አይመስለኝም። ባሩድ ነው። ባሩድ ሦስት ነገር ነው፦ 75 በመቶ ሶልትፒተር፣ 15 በመቶ ከሰል፣ 10 በመቶ ድኝ። ብልጭታ ይበቃዋል። በ1810 ፖርቱጋል ውስጥ የአልሜይዳ ምሽግ ሲከበብ አንድ የፈረንሳይ ቦምብ የባሩዱን ግምጃ ቤት አገኘው። ግምጃ ቤቱ ከከተማዋ መካከል ጋር ፈነዳ፣ ምሽጉም ብዙ ሳይቆይ እጁን ሰጠ። አንድ ድራጎን የባሩድ ጋሪዎች የተደረደሩበት ላይ አንዴ ቢተፋ ውጊያው ያኔውኑ ያልቃል። እያንዳንዱ ወታደር ራሱ 60 ጥይት የሚሆን ባሩድ በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል።

ዝናብ የሚያዘንብ ጠንቋይ ካለ ደግሞ እሳትም አያስፈልግም። በ1813 ካትስባኽ ላይ በወረደው ዶፍ ጠመንጃ እምቢ ብሎ ሰዎቹ በሳንጃና በሰደፍ ተጨራረሱ። በ1757 ሕንድ ውስጥ ፕላሲ ላይ እንግሊዞች ዝናቡ ሲጀምር ባሩዳቸውን በሸራ ሸፈኑ። የቤንጋሉ ገዥ (ናዋብ) ሰዎች አልሸፈኑም። የውጊያው ውጤት በዚህ ብቻ አልተወሰነም፣ ክህደትም ነበረበት። መድፎቻቸው ግን ዝም አሉ።

የሙታን ሠራዊትን በተመለከተ፣ በዚያ ዘመን ጦር የሚሸነፈው አልቆ አልነበረም። ልቡ ከድቶት ነው። አብዛኛው ሰው ገና ሳይነካ የጎኑ ጓድ ሲወድቅ፣ ከፊቱ የሳንጃ መስመር ሲመጣ ያየና ይሸሻል። የጠመንጃው ግማሽ ሥራ ይህ ነው። የሞተ ሰው ግን አይፈራም፣ ደሙም አያልቅም። ሳንባው ቢበሳም ግድ የለውም። ስለዚህ የጠመንጃው ጉልበት በአንድ ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። የሚቀረው አጥንት መስበር ነው። የእርሳስ ጥይት በዚህ ጎበዝ ነው፤ የጭን አጥንት ሲያገኝ ያደቀዋል። የዚያ ዘመን ሐኪሞች እግር ሲቆርጡ የኖሩት በእሱ ምክንያት ነው።

ሙታኑ ቀስ ብለው የሚራመዱ ከሆኑ ከ200 ሜትር ተነስተው ለመድረስ ሦስት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። በዚያ ጊዜ እያንዳንዱ ወታደር ስድስት ያህል ጊዜ ይተኩሳል። መድፍ ካለ በቂ ነው፤ መድፍ ከሌለ እጠራጠራለሁ። የሚሮጡ ከሆነ ግን ሳንጃው ላይ ይደርሳሉ። ሳንጃ ደግሞ የሚሠራው የሚፈራ ጠላት ላይ ነው። የማይፈራ ሰው ሳንጃው ላይ ተሰክቶ ወደ ፊት ይመጣል። እዚያ ላይ ጦሩ የሚሸነፍ ይመስለኛል፤ የሚሸነፈውም የራሱ ልብ ከድቶት ነው።

ሙታኑን የሚያንቀሳቅስ ጠንቋይ ካለ ሌላ በር አለ። በ1543 ወይና ደጋ ላይ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በፖርቱጋል ነፍጠኛ ጥይት ተመትተው ሲወድቁ ለዓመታት ያሸነፈው ጦራቸው ያኔውኑ ተበተነ። ጠንቋዩ ጥይት በሚደርስበት ርቀት ከታየ፣ መላውን ጦር ትቶ እሱ ላይ ማነጣጠር ነው።

ጦሩ በእርግጠኝነት የሚሸነፈው ብዙ ሰው ቀላል በሚለው ጠላት ነው፦ በሰው-ተኩላ። መጀመሪያ የብሩን ጥይት ላንሳ። ተረቱ ሰው-ተኩላ የሚሞተው ከብር ማዕድን በተሠራ ጥይት ነው ይላል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ወታደር ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ራሱ ጥይት ያፈስሳል። ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ነው። ለዚያ ወናፍና አንጥረኛ ያስፈልጋል። ክብደቱ ከእርሳስ ብዙም አያንስም፣ በጠመንጃው ይሄዳል። ግን 10,000 ሰው በብር ማስታጠቅ የሚችል ግምጃ ቤት አላውቅም። ለጥቂት ምርጥ ተኳሾች ብቻ መስጠት ነው የሚያዋጣው።

ከብሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ማግኘቱ ነው። በ1764 ፈረንሳይ ውስጥ ጄቮዳን በሚባለው ተራራማ አገር አንድ አውሬ ሰው መብላት ጀመረ። በብዛት የሚገድለው ከብት የሚጠብቁ ሴቶችንና ሕፃናትን ነበር። መንግሥት በካፒቴን ዱአሜል የሚመሩ ድራጉን የሚባሉ ፈረሰኞች ላከ። ጠመንጃ አላቸው፣ ፈረስ አላቸው፣ የንጉሡ ትእዛዝ አላቸው። በሺህ የሚቆጠር ገበሬ አሰልፈው ጫካ አስደበደቡ። አውሬው ተመቶ ወድቆ ተነሳ የሚል ወሬ ደጋግሞ መጣ። ወራት አለፉ፣ ሰው መሞቱ ቀጠለ። ሉዊ 15ኛ የራሱን የጠመንጃ ያዥ ፍራንሷ አንቷንን ላከ። እሱም በመስከረም 1765 አንድ ትልቅ ተኩላ ገደለ፤ ተሸለመ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ግድያው እንደገና ጀመረ። ያበቃው በሰኔ 1767 ነው፤ ዣን ሻስቴል የሚባል የአገሩ አዳኝ ሌላ አውሬ ሲጥል። እስከዚያ ወደ 100 ሰው ሞቷል።

ይህ ተረት አይደለም። የአውሮፓ ታላቅ ንጉሥ ጦር ተራ ሥጋና ደም የሆነ አውሬን ለሦስት ዓመት ማቆም አልቻለም። ጥይቱ ደካማ ሆኖ አይደለም። ጦሩ የተሠራው ሊዋጋው ለሚመጣ ጠላት ስለሆነ ነው። የሚሸሸግ፣ የደከመውን ብቻ የሚመርጥ፣ ሰልፍ ሲያይ ጫካ የሚገባ ጠላት ሲመጣ ሰልፉ ሸክም ይሆናል። በዚያ ላይ ያ አውሬ ቀን ሰው ሆኖ ከሰው ጋር ቢውልስ?

የትኛውን ጦር ይዤ እገባ ነበር? የባቡርን። ጠመንጃው ከ1700ዎቹ በጣም ኋላ ቀር ነው፤ በደቂቃ አንድ ጊዜ ቢተኩስ ነው። ግን ጋሪ አለው። ጋሪው የሮጠውን ጭራቅ ያቆማል፣ የወደቀውን ሬሳ ይይዛል፣ ለፈራ ወታደርም የሚደገፍበት እንጨት ይሰጠዋል። ያችን የጎደለችውን 20 ሰከንድ የሚገዛልኝ ጋሪ እንጂ የተሻለ ጠመንጃ አይደለም። ሁለት ነገር ብቻ እቀይር ነበር። ባሩዱን በእርጥብ ቆዳ ሸፍኜ፣ በየመቶ እርምጃው አራርቄ አስቀምጠዋለሁ፤ ድራጎን ቢመጣ አንዱ እንጂ ሁሉም አይፈነዳም። ለጫካው ደግሞ አገሩን የሚያውቁ አዳኞች ቀጥሬ፣ ያለውን ብር ሁሉ ለእነሱ እሰጣለሁ።